ራሱን የሚቀዳ

ማራኪ፣ ከግቢው በር ማዶ፣ አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት፤
ኮምፒውተር ሁለት፣ ማተሚያ አንድ፣ እኔ አንዷ ጸሐፊት።
ሰኔ ነው፤ ተመራቂው ሁሉ ጭቃ ያዘለ ነው ጫማው፤
ፍላሹ እንደ ማተብ ነው፣ በክር አንገቱ ላይ ያሰረው።
«እትዬ አንጓች፣ ለነገ ነው፤ እባክሽ ቅድሚያ ለኔ!»
የሰጡኝን እሰካለሁ፤ ማንን ልጠርጥር እኔ?

አዛናው መጣ፣ የአርማጭሆ ልጅ፣ ድምፁ ለዘብ ያለ፣
የሰሊጥ በሽታ ጥናቱን «ሦስት ቅጂ አድርጊልኝ» አለ።
ሰካሁት።
ፎልደሩ ታየኝ፤ ስሙ ትክክል፣ ቀለሙም ያው ቢጫ፤
ጥጉ ላይ ግን አንዲት ቀስት፣ የተጣበቀች እንደ ቁንጫ።
አየኋት፤ አላየኋትም፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ቸኩያለሁ፤
ሁለቴ ነካሁት። በሩን በገዛ ጣቴ ከፍቻለሁ።

ምንም አልሆነም መጀመሪያ። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤
ሌባ ቢሆን በር ይሰብር ነበር፤ ይሄ ግን እንግዳ ነው፣
ጫማውን አውልቆ የገባ፣ ምሳ በልቶ፣ መርቆ፣
የቤቱን ቁልፍ ያስቀረጸ፣ አንድ ባንድ ሰርቆ።
ከዚያ በኋላ የሰካሁት፣ የእንየው፣ የጥሩወርቅ፣ የመምህር ካሴ፣
ሁሉም ከቤቴ ወስዶ ሄደ፤ በሽታ አዳይ ሆንኩ ራሴ።

እሑድ ጠዋት አዛናው ቆመ፣ ፍላሹን ይዞ በመዳፉ፤
«ባዶ ነው» አለ። ሌላ ቃል አልወጣውም ከአፉ።

አባቴ ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣
አንድ ዳዊት ለመቅዳት ብቻ ክረምት ከበጋ ተቀምጠው።
«መቅዳት» ይሉኝ ነበር፣ «እንደ ጠላ አይደለም፣ ሞልቶ አይፈስም፤
እጅ ካልመራው በስተቀር ፊደል ብራና አይወርስም።»
ምን ይሉ ይሆን ዛሬ ቢያዩ፣ ያለ ብርዕ፣ ያለ ቀንድ ቀለም፣
ራሱን የሚቀዳ ጽሑፍ፤ ጸሐፊው ግን እዚህ የለም።
አንዴ ብቻ የትም ሆኖ ጽፏል፤ ትእዛዙም አጭር ነው፦
«በደረስክበት ተቀዳ፤ ስምህን በስማቸው ሸፍነው።»

ጎረቤቴ ማንጠግቦሽ «ዓይን ነው፤ ጠበል እርጪበት» አለች፤
ብሰማት ኖሮ ኮምፒውተሬ ያን ዕለት ነበር የሞተች።

ከአራዳ አስጠራሁ ጠጋኙን፣ ደመላሽ የሚሉትን፤
አልሳቀም፤ ጠየቀኝ ብቻ መጨረሻ የሰካሁትን።
«አልሞተም፤ ተደብቋል» አለ፤ ጥቁር መስኮት ከፈተ፣
አንድ መስመር ጻፈ፤ ከጨለማው የአዛናው ሰሊጥ ሸተተ።
የጥሩወርቅ ግን ቀረ። ደንግጣ ፎርማት አርጋው ነበር ቀድማ፤
ሌላ ቅጂ አልነበራትም። አለቀሰች ከደጄ ቆማ።

ደመላሽ ሻንጣውን ዘግቶ፣ ወደ ፋሲል ግንብ ጠቁሞ፣
«ያ ግቢ አስራ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ገርበብ ካለ በቃ።
ጸረ ቫይረስሽም ዘብ ነው፤ ግን አምና ተኝቶ ያልነቃ፤
የድሮ ሽፍቶችን ስም ብቻ በቃሉ ሲደግም የሚያነጋ፣
አዲሱን ‹ቤት ለእንግዳ› ብሎ በእንግዳ ወግ የሚያስጠጋ።
በየሳምንቱ አድሺው» አለኝ። ሂሳቡን ተቀብሎ ወጣ።

አሁን ከደጄ ወረቀት አለ፣ በቀይ ቀለም የጻፍኩት፤
(አባቴ ቀዩን ለቅዱሳን ስም ነበር የሚያኖሩት።)
«ፍላሽ ሳይፈተሽ አይሰካም። ለሚቸኩል ማዶ ሱቅ አለ።»
ግማሹ ማዶ ተሻገረ፤ ግማሹ ሲነጫነጭ ዋለ።

አባቴ አንድ ዳዊት ሲጨርሱ ሁለተኛ ይጀምሩ ነበር፣
ደምቢያ፣ ወንድማቸው ዘንድ፣ ከሣጥን ገብቶ የሚያድር።
«ለማን ነው?» ስላቸው አንድ ቀን፣ «ለውኃ፣ ለምስጥ፣ ለእሳት፤
እነሱ ይመጣሉ ልጄ፤ የኛ ፋንታ አለመርሳት።»

ጥቅምት ላይ ጥሩወርቅ መጣች፣ እንደገና ጽፋ፣ ከስታ፤
ሁለት ፍላሽ አወጣችልኝ፣ የመሐረቧን ቋጠሮ ፈታ።
«አንዱ አንቺ ጋ ይደር» አለችኝ። ከመሳቢያ ሳላኖረው፣
ፊቷ ላይ፣ ሳላፍር፣ ፈተሽኩት።
አልተቀየመችኝም። ንጹሕ ነው።